ጆን አክስቴልና የማሽላ ፕሮቲን፦ ከወሎ ማሳ እስከ ሕዋስ ውስጥ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ከአዲስ ዓለም ቀጥሎና ጊንጪ ሳይደረስ፣ ኦሎንኮሚ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የተወለዱት በዚህች የምዕራብ ሸዋ ከተማ ነው። እርሳቸውን ለማሽላ ምርምር የመለመሉት፣ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩትና በምርምር ሕይወታቸው መጀመሪያ ላይ መንገድ ያሳዩት ፕሮፌሰር ጆን አክስቴል ነበሩ። አክስቴል ከ30 ዓመት በላይ የማሽላን ዘረመል ያጠኑ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል የነበሩና በሰብል ማሻሻል ሙያ በዓለም ዙሪያ የታወቁ ተመራማሪ ናቸው። ያረፉትም እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

የአክስቴል የሥራ ዘመን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የተደራጀ ነበር ማለት ይቻላል። ማሽላ በድርቅ ጊዜም ቢሆን ሆድ የሚሞላ እህል ሆኖ ሳለ፣ በማደግ ላይ ያለን ሕፃን ሰውነት ለመገንባት የሚያንሰው ለምንድን ነው? ጥያቄው ከአሜሪካ ቤተ ሙከራ ወደ ወሎ ማሳ፣ ከወሎም በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ወደሚገኝ የሕፃናት መመገቢያ ክፍል ወስዷቸዋል። የመልሱ ዋነኛ ክፍል የታወቀው ግን ከሞታቸው 13 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ የተገኘውም ሕዋስ በትክክል ያልታጠፈ ፕሮቲን ሲገጥመው በሚያደርገው ነገር ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የአክስቴልን የምርምር ሕይወት በዚህ ጥያቄ መስመር ይከተላል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከበቆሎ ወደ ማሽላ

አክስቴል የዶክትሬት ትምህርታቸውን የተከታተሉት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት የበቆሎ ዘረመል ተመራማሪ ከሮያል አሌክሳንደር ብሪንክ ዘንድ ነው። መምህርና ተማሪ በ1967 በጋራ ያሳተሙት ጥናት በበቆሎ ፍሬ ቀለም ላይ የሚታይን ያልተለመደ የዘር ውርስ ለውጥ በኬሚካል መቀስቀስ እንደሚቻል የሚያሳይ ነበር። ወጣቱ ተመራማሪ በዚህ ሥራ ሁለት ነገር ተምረዋል፦ በፍሬ ላይ በዓይን የሚታይን ጥቃቅን ልዩነት መለየትንና ዘረመልን በኬሚካል ለውጦ ውጤቱን በትዕግሥት መከታተልን። ሁለቱም ሙያዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለማሽላ ሥራቸው መሠረት ሆነዋል።

በዚያው በ1967 ወደ ፐርዱ ሲዛወሩ፣ ዩኒቨርሲቲው በእህል ፕሮቲን ምርምር ታላቅ ስም ያተረፈበት ጊዜ ነበር። ኤድዊን መርዝና ኦሊቨር ኔልሰን ከባልደረባቸው ጋር በ1964 ባወጡት ጥናት፣ ኦፔክ 2 የተባለ የበቆሎ ሚውቴሽን በፍሬው ውስጥ ያለውን የላይሲን መጠን በእጅጉ እንደሚያሳድግ አረጋግጠው ነበር። ላይሲን የሰው ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚገኝ አሚኖ አሲድ ነው። በእህል ውስጥ የሚገኘው መጠን አነስተኛ በመሆኑ፣ ሥጋ፣ ወተትና ጥራጥሬ የማያገኝ ሕፃን በእህል ብቻ ሲያድግ ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች በበቂ ቢያገኝ እንኳን ላይሲን ሲያንሰው ዕድገቱ ይገታል። የበቆሎው ግኝት ከታወቀ በኋላ ተመሳሳይ ባሕርይ በሌሎች እህሎች ውስጥም ይኖር እንደሆነ መፈለግ ተጀመረ። የማሽላው ድርሻ የተሰጠው ለአክስቴል ነበር።

የወሎው ማሽላ

የፍለጋው መነሻ የዓለም የማሽላ ዝርያዎች ስብስብ ነበር። አክስቴልና ተማሪያቸው ራሜሽዋር ሲንግ ከዚህ ስብስብ ውስጥ ፍሬያቸው ዱቄታማ የሆኑ 62 ዝርያዎችን መርጠው የላይሲን ይዘታቸውን ለኩ። በ1973 ይፋ ባደረጉት ውጤት ከሁሉ ልቀው የተገኙት ሁለቱ ዝርያዎች መገኛቸው ኢትዮጵያ ነበር። ዝርያዎቹ በስብስቡ ውስጥ አይኤስ 11167 እና አይኤስ 11758 በሚል መለያ የተመዘገቡ ናቸው። ተራ ማሽላ በየ100 ግራም ፕሮቲኑ 2 ግራም ያህል ላይሲን ሲኖረው፣ የመጀመሪያው ዝርያ 3.34፣ ሁለተኛው 3.13 ግራም ይዘው ተገኙ። የሁለቱም ጠቅላላ የፕሮቲን መጠን ከተራው ማሽላ ይበልጣል። ጡት የጣሉ የአይጥ ግልገሎች እነዚህን ዝርያዎች ሲመገቡ ያሳዩት የክብደት ጭማሪ ተራ ማሽላ ከተመገቡት በሦስት እጥፍ ያህል የላቀ ነበር።

ለቤተ ሙከራው አዲስ የሆነው ነገር ለወሎ ገበሬ አዲስ አልነበረም። የዚህ ዓይነት ማሽላ በወሎ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር ተደባልቆ ይዘራ ነበር። ፍሬው ሲደርቅ የሚሰረጉድ፣ የሚጨማደድና በምርትም ዝቅተኛ በመሆኑ ለጎተራ የሚመረጥ አልነበረም። ነገር ግን በእሸትነቱ ተጠብሶ ሲበላ ጣዕሙ የተለየ ነው። ስለዚህም ገበሬው በማሳው መካከል ጥቂት ጥቂት እያደረገ ያቆየዋል። የአካባቢው ሰው ለነዚህ ዝርያዎች ያወጣቸው ወተት በጉንጬና ማርጩቄ የሚሉ ስሞች ወተትንና ማርን የሚያስታውሱ ናቸው። ስሞቹ የምግብ ይዘትን በቁጥር ባይናገሩም፣ ሕዝቡ ይህን ማሽላ ከሌላው የለየው በአፍ ጣዕምና በረጅም ልምድ እንደነበር ያመለክታሉ።

ግኝቱ የታወቀበት ጊዜ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ መራራ ትዝታ ያለው ነው። 1973፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1965 እና 1966 ዓ.ም.፣ ወሎ በረሃብ የተመታበት ወቅት ነበር። እጅግ የበለጸገ ፕሮቲን ያለው ማሽላ የተገኘበት ምድር በዚያው ዓመት ሕዝቡን ማብላት ተስኖት ነበር። ይህ ግጥጥም የምርምሩን ጥቅምና ውስንነት በአንድ ላይ ያሳያል። የተሻለ የላይሲን ይዘት ያለው ፍሬ ዝናብ ለቀረበት ማሳና እርዳታ ላልደረሰው ቤተሰብ በራሱ መፍትሔ አይሆንም። በሌላ በኩል ግን፣ ምግብ በሚያጥርበት ጊዜ በእጅ ያለችው ጥቂት እህል ምን ያህል ሰውነት ትገነባለች የሚለው ጥያቄ ከመቼውም ይልቅ ይከብዳል።

የኦሎንኮሚው ተማሪ

አክስቴል ከኢትዮጵያ ጋር የነበራቸው ግንኙነት በዘር ናሙና ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1973 በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ትምህርቱን ካጠናቀቀ አንድ ወጣት ጋር በመምህሩ አማካይነት ተዋወቁ፤ በአገሪቱ የማሽላ ናሙና በማሰባሰቡ ሥራም እንዲያግዛቸው ጋበዙት። ወጣቱ ገቢሳ እጀታ ነበር። ገቢሳ ያደገው በኦሎንኮሚ በአንዲት የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። እናቱ ልጃቸው እንዲማር ቆርጠው በመነሣታቸው፣ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት በእግሩ እየተጓዘ ተምሮ፣ በጅማ የእርሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኩል ዓለማያ የደረሰ ነበር።

አክስቴል በናሙና ማሰባሰቡ ጊዜ ያዩትን ትጋት መሠረት አድርገው ገቢሳን በ1974 ወደ ፐርዱ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ወሰዱት። ገቢሳ በ1978 ዶክትሬቱን ካገኘ በኋላ በሱዳን ተሰማርቶ፣ በ1983 ሐጊን ዱራ 1 የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ ለገበሬው አበረከተ። በ1984 ወደ ፐርዱ በመምህርነት ተመልሶ፣ የአቀንጭራ አረምን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከባልደረቦቹ ጋር አወጣ። መምህሩ የፍሬውን ውስጣዊ ጥራት ሲመረምሩ፣ ተማሪው ማሽላው በማሳ ላይ በሕይወት የሚቆይበትን መንገድ አጠና። የሁለቱ ሥራ አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይሆንም። ያልበቀለ ማሽላ አይመግብም፤ በቅሎ የማይፈጭ ፕሮቲን የያዘም እንዲሁ።

በብርሃን ጠረጴዛ ላይ የተገኘው ፍሬ

የወሎዎቹ ዝርያዎች ባሕርይ አስደሳች ቢሆንም ለማዳቀል አስቸጋሪ ነበር። የተጨማደደው ፍሬ ክብደቱ ያንሳል፤ ምርቱም ይቀንሳል። አክስቴል ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ፈለጉ። ከዊስኮንሲን ባገኙት ልምድ መሠረት፣ ፍሬው ጠንካራና ብርሃን አሳላፊ የሆነ ፒ 721 የተባለ የማሽላ መስመር ዳይኤቲል ሰልፌት በተባለ ኬሚካል እንዲታከም አደረጉ። ከዚህ የተገኙት ትውልዶች ፍሬ ከሥሩ ብርሃን በሚያበራ ጠረጴዛ ላይ እየተዘረጋ ተመረመረ። ጤናማው ፍሬ ብርሃን ሲያሳልፍ፣ የፕሮቲን አደረጃጀቱ የተለወጠው ፍሬ ብርሃኑን ይጋርዳል። ከተጋረዱት ፍሬዎች መካከል ላይሲናቸው የጨመረው በኬሚካዊ ልኬት ተለዩ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፒ 721 ኦፔክ የተባለው፣ ላይሲኑ ከወላጁ ወደ 60 በመቶ ያህል የሚበልጥ መስመር የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ይህም መስመር የራሱ ችግር ነበረው። ፍሬው ለስላሳና ኖራ መሰል ነው። ለስላሳ ፍሬ በወፍጮና በሙቀጫ በቀላሉ ይደቃል፤ በማሳ ላይ ለሻጋታ፣ በጎተራ ለነቀዝ ይጋለጣል። ገበሬ ደግሞ ዘር የሚመርጠው በላይሲን መጠን ሳይሆን በፍሬ ክብደት፣ በዱቄት ብዛትና በመቆየት አቅም ነው። በዚያ ጊዜ የላይሲኑ መጨመርና የፍሬው መለስለስ ለምን አብረው እንደሚሄዱ በውል የሚታወቅ አልነበረም። ሁለቱ ባሕርያት በሕዋሱ ውስጥ ከአንድ ምንጭ ሊቀዱ እንደሚችሉ ግልጽ የሆነው ብዙ ቆይቶ ነው።

የሊማ ትምህርት

የአክስቴልን ሐሳብ ከሁሉ በላይ የለወጠው በሊማ የተካሄደው የአመጋገብ ጥናት ነው። ከከባድ የምግብ እጥረት በማገገም ላይ ላሉ ሕፃናት ተራም ሆነ ላይሲን የበዛበት ማሽላ ከሙሉ ፍሬው ተፈጭቶና ተቀቅሎ ተሰጣቸው። በ1981 የታተመው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። ከተመገቡት የማሽላ ፕሮቲን ውስጥ የሕፃናቱ አንጀት የተቀበለው በአማካይ 46 በመቶውን ብቻ ነው። በተመሳሳይ ጥናቶች የስንዴ ፕሮቲን 81፣ የበቆሎ 73፣ የሩዝ 66 በመቶ ተመዝግቦ ነበር። ከማሽላው ፕሮቲን ከግማሽ የሚበልጠው ሳይፈጭ ከሰውነት ይወጣል ማለት ነው።

ይህ ውጤት ከአሥር ዓመት በላይ የቆየን የምርምር አቅጣጫ ጥያቄ ውስጥ የሚያስገባ ነበር። ላይሲንን መጨመር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ፕሮቲኑ በአንጀት ውስጥ ካልተሰበረ በውስጡ ያለው ላይሲን ለሕፃኑ አይደርስም። አክስቴል ውጤቱን አላስተባበሉም፤ በዚያው ዓመት ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ችግሩን በቤተ ሙከራ ደግመው አሳዩ። ፔፕሲን በተባለው የጨጓራ ኢንዛይም ሲፈተን፣ ጥሬው የማሽላ ዱቄት በደህና ሁኔታ ይፈጫል። በውኃ ከተቀቀለ በኋላ ግን የመፈጨት አቅሙ በእጅጉ ይወርዳል። በሱዳን እንደሚዘጋጀው እንደ ኪስራ ያለ፣ ሊጡ ቦክቶ የሚጋገር ስስ ቂጣ ከተራ ቅቅል የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እንጀራን ለሚጋግር ኅብረተሰብ ይህ ትርጉም ያለው ውጤት ነው። አብሲት ጥሎ ሊጥ ማቡካት ለጣዕም ብቻ የሚደረግ አለመሆኑን የሚጠቁም ነውና።

ማብሰል ፕሮቲኑን ለምን ያጠነክረዋል? በ1987 ብሩስ ሃማከር፣ አክስቴል፣ መርዝና ሌሎች የፐርዱ ተመራማሪዎች የመልሱን አቅጣጫ አገኙ። የማሽላ ዋና የክምችት ፕሮቲን ካፊሪን ይባላል። ካፊሪን ሲቀቀል በሰልፈር አቶሞች መካከል የሚፈጠሩ ጥብቅ ማሰሪያዎች ይበዛሉ። እነዚህን ማሰሪያዎች የሚፈቱ ኬሚካሎች ሲጨመሩ የማሽላው ፕሮቲን ወደ በቆሎው የተጠጋ የመፈጨት አቅም አገኘ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጥያቄው ከብዛት ወደ ቅርጽ ተሸጋገረ። ከእንግዲህ የሚፈለገው ፕሮቲኑ እንዴት እንደታጠፈ፣ እንዴት እንደታሰረና በሕዋሱ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ማወቅ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1990ዎቹ የአክስቴል ቡድን ከፒ 721 ኦፔክ ድቅሎች የተገኙ መስመሮችን በፔፕሲን እየፈተነ ሳለ፣ ጥቂቶቹ ከተቀቀሉም በኋላ በቀላሉ እንደሚፈጩ አስተዋለ። ግኝቱ በ1998 ታተመ። በ2000 ደግሞ ማሪያ ኦሪያ፣ ሃማከር፣ አክስቴልና ባልደረባቸው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩትን አሳተሙ። በተራ ማሽላ ሕዋስ ውስጥ ካፊሪን የሚከማቸው ክብ በሆኑ ጥቃቅን የፕሮቲን ከረጢቶች ውስጥ ነው። መሐሉን አልፋ ካፊሪን የተባለው ዓይነት ይሞላዋል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ በሰልፈር ማሰሪያ የጠነከሩት ቤታና ጋማ ካፊሪን እንደ ቅርፊት ይሸፍኑታል። ኢንዛይሙ ወደ መሐሉ እንዳይደርስ የሚከለክለው ይህ ቅርፊት ነው። በቀላሉ በሚፈጨው ማሽላ ግን ከረጢቱ ክብ አይደለም፤ ተጨራምቶ በእጥፋቶች የተሞላ ነው። ጋማ ካፊሪን በእጥፋቶቹ ሥር ተሰብስቦ ስለሚቀር፣ አልፋ ካፊሪን በውጪው ገጽ ላይ ለኢንዛይም ተጋልጦ ይገኛል።

አክስቴል ያረፉት ይህ ጥናት በታተመበት ዓመት ነው። ልዩነቱን በዓይን አይተዋል፤ ምክንያቱን ግን አላወቁም። ከረጢቱ ለምን ተጨራመተ የሚለው ጥያቄ ለተከታዮቻቸው ቀረ።

በሕዋሱ ውስጥ የሆነው

መልሱን ለመረዳት ሕዋስ ፕሮቲንን እንዴት እንደሚሠራና እንደሚቆጣጠር ማየት ያስፈልጋል። ካፊሪን የሚሠራው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሽፋን መረብ ላይ ነው። አዲሱ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ከፊት ጫፉ መሪ የሆነ አጭር ክፍል ይዞ ይወጣል። መሪው ክፍል ሰንሰለቱን ወደ መረቡ ውስጥ ካስገባ በኋላ በኢንዛይም ተቆርጦ ይወገዳል። የቀረው ሰንሰለት አጋዥ በሆኑ ፕሮቲኖች እየተደገፈ ትክክለኛ ቅርጹን ይይዛል። ከነዚህ አጋዦች ዋነኛው ቢፕ የተባለው ሲሆን፣ ሌሎቹ የሰልፈር ማሰሪያዎች በተገቢው ቦታ እንዲፈጠሩ ያደርጋሉ። ቅርጹ ያልተስተካከለ ፕሮቲን ከመረቡ ወደ ውጪ ተመልሶ፣ የመወገድ ምልክት ተደርጎበት፣ ፕሮቲአዞም በተባለው መሣሪያ ይሰባበራል።

ያልተስተካከለው ፕሮቲን ከአጋዦቹ አቅም በላይ ሲከማች ሕዋሱ የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ይሰጣል። ፒተር ዋልተርና ካዙቶሺ ሞሪ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተናጠል ባደረጉት ምርምር እንደተረጋገጠው፣ በመረቡ ሽፋን ላይ ያሉ ጠቋሚ ፕሮቲኖች ጭንቀቱን ለይተው ለኒውክሊየሱ ያሳውቃሉ። በሰውና በእንስሳት ሕዋስ ጠቋሚዎቹ አይአርኢ1፣ ፐርክና ኤቲኤፍ6 ናቸው። በዕፅዋት ደግሞ አይአርኢ1 ቢዚፕ60 የተባለውን ተቆጣጣሪ ያነቃል፤ ቢዚፕ28 ከሽፋኑ ተቆርጦ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። የምላሹ ዓላማ የአጋዦችን ቁጥር መጨመር፣ የተበላሸውን ማስወገድና የፕሮቲን ምርትን ጫና ማቅለል ነው። ጭንቀቱ ካልቆመ ያው ምላሽ ሕዋሱን ወደ ሞት ይመራዋል። ኢንሱሊን የሚያመርቱ የቆሽት ሕዋሳት በስኳር ሕመም የሚደክሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአልዛይመርና በፓርኪንሰን ሕመሞችም በትክክል ያልታጠፉ ፕሮቲኖች ክምችት የአንጎል ሕዋሳትን ይጎዳል።

ማሽላው ከዚህ ጋር የተገናኘው በበቆሎ በኩል ነው። በ1995 ፍሎሪ 2 የተባለው የበቆሎ ሚውቴሽን ምንጭ ታወቀ። ዜይን የተባለው የበቆሎ ክምችት ፕሮቲን መሪ ክፍሉ ሊቆረጥ ባለመቻሉ ከመረቡ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ቢፕም በብዛት ይመረታል። ይህን ዕውቀት መነሻ በማድረግ ዮንግሩይ ዉ፣ ዮአኪም መሲንግና ባልደረቦቻቸው የአክስቴልን ማሽላ መረመሩ። በ2013 እንዳሳወቁት፣ ባሕርዩ ከአንድ የአልፋ ካፊሪን ዘረመል ላይ ከተፈጠረ የአንዲት ፊደል ለውጥ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። ለውጡ የመሪውን ክፍል መቆረጫ ስለሚያበላሽ ፕሮቲኑ በሽፋኑ ላይ ተጣብቆ የከረጢቱን ቅርጽ ያዛባል። ላይሲን የሌለው ካፊሪን መጠን ሲቀንስ፣ በላይሲን የበለጸጉ ሌሎች ፕሮቲኖች ድርሻ ይጨምራል። በ1970ዎቹ በብርሃን ጠረጴዛ ላይ የታየው ጥላ የዚህ መዛባት ውጫዊ ምልክት ነበር።

በቆሽት ወይም በአንጎል ሕዋስ ቢሆን ሕመም የሚሆነው ነገር እዚህ ምግብ ሆኗል። ልዩነቱ ሁኔታውን በሚሸከመው ሕዋስ ዕጣ ላይ ነው። የአንጎል ሕዋስ ለአሥርተ ዓመታት መኖር አለበት። የማሽላ ዱቄታማ ክፍል ሕዋሳት ግን ፍሬው ሲበስል በተፈጥሮ የሚሞቱ ናቸው፤ ተግባራቸውም ለሚበቅለው ጽንስ ስንቅ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ካፊሪን በሥር፣ በቅጠልና በጽንሱ ስለማይመረት ተክሉ በጤና ያድጋል። ዋጋው የሚከፈለው በፍሬው ጥንካሬ ነው። ፍሬን የሚያጠነክረው የፕሮቲን ከረጢቶችና የስታርች ቅንጣቶች ጥብቅ አቀማመጥ ሲላላ ፍሬው ይለሰልሳል። ገበሬው የሸሸው ልስላሴና ሕፃኑ የሚያገኘው ላይሲን የአንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው።

ለምዕራብ ሸዋ የቀረው ሥራ

ይህ ታሪክ ለምዕራብ ሸዋ ሩቅ አይደለም። ከአምቦ በጉደርና በጌዶ ተጉዞ ወደ ባኮ ሲወረድ፣ በቆሎና ማሽላ የብዙ ቤተሰቦች ዋና ምግብ ናቸው። የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል በኦፔክ 2 ላይ የተመሠረተውን፣ ፍሬው ግን በተከታታይ ምርጫ እንዲጠነክር የተደረገውን ጥራት ያለው የፕሮቲን በቆሎ ለገበሬዎች አቅርቧል፤ ቢኤችኪውፒ 542 ከነዚህ አንዱ ነው። የአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለደጋ የሚስማማውን ኤኤምኤች 760ኪው አክሎበታል። በቆሎ የፍሬውን ልስላሴ ከላይሲኑ ለመለየት አሥርተ ዓመታት የፈጀ የማዳቀል ሥራ ጠይቋል። ማሽላ ግን እስካሁን ተመሳሳይ ደረጃ ላይ አልደረሰም።

የ2013ቱ ግኝት ለዚህ የሚያገለግል መሣሪያ ሰጥቷል። ለውጡ በአንዲት የዘረመል ፊደል ላይ በመሆኑ፣ አዳቃዩ ችግኝ ላይ ሳለ ከቅጠል በሚወሰድ ናሙና ባሕርዩን መለየት ይችላል። ፍሬው እስኪበስልና ፔፕሲን እስኪፈተን መጠበቅ አይኖርበትም። ቀሪው ጥያቄ ባሕርዩን ከጠንካራ ፍሬ፣ ከሻጋታና ከአቀንጭራ መቋቋም ጋር በአንድ ዝርያ ማዋሐድ ነው። ይህም የመምህሩንና የኦሎንኮሚውን ተማሪ ሥራ በአንድ ዘር ውስጥ እንደማገናኘት ነው።

አክስቴል በሕይወታቸው ሦስት ጊዜ መንገዳቸውን ቀይረዋል። ከወሎው ፍሬ ወደ ኬሚካላዊ ሚውቴሽን የተሸጋገሩት ምርቱ ስላነሰ ነው። ከላይሲን ወደ መፈጨት የተሻገሩት የሊማ ሕፃናት ውጤት ስላስገደዳቸው ነው። ከኬሚካዊ ልኬት ወደ ማይክሮስኮፕ የሄዱት ደግሞ መልሱ በመጠን ሳይሆን በቅርጽ ውስጥ መሆኑን ስለተረዱ ነው። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የጠበቁት አንድ መለኪያ ነበር፤ እርሱም የተመገበው ሕፃን ሰውነት ያገኘው ፕሮቲን ነው። ወተት በጉንጬን በማሳው መካከል ያቆየው ገበሬ፣ ፍሬውን በብርሃን ላይ የዘረጋው ተመራማሪና በሕዋስ ሽፋን ላይ የተጣበቀውን ፕሮቲን ያገኙት ተከታዮች በአንድ ሰንሰለት ላይ ይገኛሉ። ሰንሰለቱ የሚሞላው ግን ይህ ማሽላ ባኮን በመሰለ ቆላማና ወይና ደጋ አካባቢ በአንዲት እናት ድስት ውስጥ ገንፎ ሆኖ፣ ለልጇ ሲደርስ ነው።